ክብራችን ሲነካ የውጭ ዕቃ አንገዛም ማለት ማንን ይጎዳል?

ጥያቄ (ከጅማ መርካቶ፣ ነጋዴ)፦
የቤት ዕቃና የኤሌክትሮኒክስ መደብር አለኝ። አንድ የውጭ ባለሥልጣን አገራችንን የሚያዋርድ ንግግር ካደረገ ወዲህ፣ ልጄና ጓደኞቹ የዚያን አገር ዕቃ በሙሉ ከመደርደሪያ እንዳወርድ ይወተውቱኛል። ንግግሩ እኔንም ከልብ አሳዝኖኛል። ነገር ግን ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጪ በጥሬ ገንዘብ የገዛሁት ስለሆነ፣ ባወርደው የምከስረው እኔ እንጂ ፋብሪካው አይደለም። እንዲህ ያለው አድማ በሌላ አገር ምን እንዳስከተለ የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ምላሽ (የታሪክ መምህር)፦
ወንድሜ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እንግሊዝ በ1905 እ.ኤ.አ. በምትገዛት ሕንድ የነበረውን የቤንጋል ግዛት ለሁለት ስትከፍል፣ ሕንዳውያን የእንግሊዝን ጨርቅ አንገዛም ብለው አደሙ፤ ክፍፍሉም በ1911 ተሰረዘ። የተሰረዘው በአድማው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም አድመኞቹ የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ነበር፣ የአገር ሽመናንም በምትክነት አቅርበው ነበር። ችግሩ የአገሩ ጨርቅ ውድ መሆኑ ነበር፤ ስለዚህ ርካሹን የለመደው ድሃ ገበሬና ጨርቁን የሚሸጥለት ትንሽ ነጋዴ የአድመኞቹ ቁጣ ዒላማ ሆኑ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ምላሽ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
የቅርቡን ልጨምር። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከቻይና ጋር የምትወዛገብባቸውን ደሴቶች ከግል ባለቤታቸው ስትገዛ፣ በቻይና የተነሣው ቁጣ የቶዮታን የዚያን ወር ሽያጭ በግማሽ ያህል አወረደው። በሺያን ከተማ ግን ቶዮታ ሲነዳ የተገኘ ቻይናዊ በገዛ ወገኖቹ ተደብድቦ የራስ ቅሉ ተሰበረ። በቻይና የሚሸጡት አብዛኞቹ የጃፓን መኪናዎች የሚሠሩት እዚያው፣ በቻይናውያን እጅ ነው። በ2013 የቶዮታ ሽያጭ ከአድማው በፊት ከነበረው በልጦ ተገኘ፤ ደሴቶቹም ዛሬ ድረስ በጃፓን እጅ ናቸው።

ምላሽ (ከሊሙ፣ ቡና አቅራቢ)፦
እኛ የምንኖረው የውጭ ሰው ቡናችንን ሲገዛ መሆኑን ልጆቻችን አይርሱ። መንግሥታችን በ2005 እ.ኤ.አ. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የዚያ አገር የቡና ማኅበር ተቃወመ። በስማችን ሌላው ሲነግድበት ከዚህ በላይ የሚያስቆጭ ምን አለ? ሆኖም በብዙ አገር ያሉ ጠጪዎች በእነዚህ ስሞች ቡና ለሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ለስታርባክስ፣ ደብዳቤ እየጻፉ ጫና አሳደሩ፣ መንግሥትም በድርድሩ ጸና፤ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ስለ ስሞቹ ስምምነት ፈረመ። አንድም ባለሱቅ አልከሰረም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለኝን ዕቃ ሸጬ እጨርሳለሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ግን እኩል ጥራት ያለው የሌላ አገር ዕቃ ካለ አስመጪውን እጠይቃለሁ። ልጄንም በአድማችሁ ማን ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት ብዬ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።