ለየት ባለ ብረት ቢላ መስራት ለምትፈልጉ፦ የሞከርኳቸው፣ የምመክረውና ተዉት የምለው

ሰላም ለሁላችሁ። ባሌስትራና አሮጌ ሞረድ ሰልችቶናል፣ ለየት ባለ ብረት ቢላ መስራት እንፈልጋለን፣ የቱን እንጀምር እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዛችሁና አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ሙያዬ አይደለም፣ ከስራ መልስ የምሰራው ነገር ነው፣ ግን በጣም እወደዋለሁ፣ ያበላሸሁት ብረትም ብዙ ስለሆነ እናንተ ባትደግሙት ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ለየት ያለውን ብረት የምትፈልጉት ለስለቱ ነው ወይስ ለመልኩ? ይሄን ሳትመልሱ ገንዘብ አታውጡ። ተራው ባሌስትራ እንዲህ የሚቆርጠው ውስጡ 0.6 ፐርሰንት አካባቢ ካርቦን ስላለው ነው፣ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚጠነክረው በሱ ነው። እንግዳ የምንላቸው ብረቶች አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም፣ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢያምሩ ስለታቸው ቶሎ ይዶለዱማል።

ታይታኒየም። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ቀላል ነው (በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.4 ግራም፣ ብረት 7.8 ነው)፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቢከርም አይዝግም፣ ማግኔት አይስበውም፣ ለዛም ነው ጠላቂዎችና ፈንጂ አምካኞች የሚይዙት። ግን «ታይታኒየም ከብረት ይበረታል» ሲባል ከክብደቱ አንፃር መሰበርንና መጣመምን ይቋቋማል ማለት ነው እንጂ ስለት ይይዛል ማለት አይደለም። በብዛት የሚገኘው 6-4 የሚባለው (6 ፐርሰንት አልሙኒየም፣ 4 ፐርሰንት ቫናዲየም) በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጠንካራ ነው ማለት ነው) 36 አካባቢ ነው፣ ደህና የሽንኩርት ቢላ ደግሞ 58ን አልፎ እስከ 62 ይሄዳል። የመጀመሪያ የታይታኒየም ቢላዬን አንድ ሳምንት ሙሉ ስሞርድ ከርሜ ካርቶን ላይ ስሞክረው ሁለተኛው ካርቶን ላይ ደነዘ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ግን ለእጀታ ሽፋን፣ ለሚታጠፍ ቢላ የውስጥ ላሜራ፣ ለፖስታ መክፈቻ ከሱ የተሻለ የለም እላለሁ። ቀለሙ ደግሞ ልብ ይሰርቃል! በትንሽ ጨው ወይም ሶዳ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስትሰጡት 30 ቮልት አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል፣ 55 እና 60 መሃል ወርቃማ ይሆናል፣ ምንም የተቀባ ነገር የለም፣ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ኦክሳይድ ውፍረቱ ሲለያይ ብርሃኑን በተለያየ ቀለም ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ግን እባካችሁ ስሙኝ። የታይታኒየም ፍንጣሪ ነጭ ነው፣ በጣም ይግላል፣ ብናኙ ግራይንደር ስር ከተጠራቀመ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለ ደግሞ ውሃ አይደፋበትም፣ ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፣ ግራይንደሩ ስር ያለውን በየቀኑ ጥረጉ። ዚርኮኒየምም እንደዛው ነው፣ በችቦ እሳት ሲግል ከሰል የመሰለ ደስ የሚል ጥቁር ይወጣለታል፣ ለማስዋቢያ ቀለበት እወደዋለሁ፣ ብናኙ ግን ከታይታኒየምም የባሰ ነው።

ለስለት እንግዳ ብረት ካላችሁኝ ምርጫዬ ስቴላይት ነው። ኮባልት፣ ክሮሚየምና ተንግስተን የተዋሃደበት ነው፣ ኤልውድ ሄይንስ የሚባል አሜሪካዊ በ1907 ፓተንት ያወጣበት (በፈረንጆቹ ነው)። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ትንቁታላችሁ፣ 6ኬ የሚባለው ዓይነቱ በሮክዌል ሲ 40ዎቹ መሃል ነው፣ ግን ውስጡ የተበተኑት ካርባይዶች (ከካርቦን ጋር የተዋሃዱ ደቃቅ ቅንጣቶች) በጣም ጠንካራ ስለሆኑ መቁረጡን ይቀጥላል ይቀጥላል። ዘይት ውስጥ መንከር የለ፣ እቶን የለ፣ ዝገት የለ፣ ቅርጹን አውጥታችሁ መሳል ብቻ ነው። ጉዳቱ ሞረድ አይበላውም፣ የግራይንደር ቀበቶ ይጨርሳል፣ ከተጣመመ ለማቃናት አትሞክሩ ሊሰበር ይችላል። ሲፈጭ ደግሞ የኮባልት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ፒ100 ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ።

ነሐስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው የምንጠራበት። መዳብ ከቆርቆሮ ጋር (የጣራው ቆርቆሮ ሳይሆን ቲን የሚባለው፣ 10 ፐርሰንት አካባቢ) ሲዋሃድ ድሮ ብረት ሳይታወቅ ሰይፍ ይሰራበት የነበረው ነው፣ እሱን እመክራለሁ። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲሆን ደግሞ ብራስ የሚባለው ቢጫው ነው፣ ማቅለጥ ለጀማሪ አይሆንም፣ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላና ጭሱ ማታውኑ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። ዚንክ የተቀባ ሰንሰለት ወይም ሽቦ እሳት ውስጥ የሚከት ሰውም ይሄው ነው የሚደርስበት። የቆርቆሮውን ነሐስ ስትሰሩ ቅርጽ ማውጫችሁ ፍፁም ደረቅ ይሁን፣ ትንሽ እርጥበት ካለ የቀለጠውን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ከዛ ስለቱን በብርዱ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ጠፍጥፉት፣ በመዶሻ ነው የሚጠነክረው። አግላችሁ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት የባሌስትራ ተቃራኒ ነው የሚሆነው፣ ይለሰልሳል። ቢላው ፍራፍሬ በደንብ ይቆርጣል፣ ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይደንዛል፣ ግን በገዛ እጅ ያቀለጡትን ነገር ይዞ መቁረጥ ሌላ ስሜት ነው።

ቤሪሊየም መዳብ የሚባል አለ፣ ፍንጣሪ የማያወጣ መፍቻና መዶሻ የሚሰራበት፣ ጥሩ ይጠነክራል። አትንኩት። ብናኙ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል፣ ቤት ውስጥ የሚፈጭ ነገር አይደለም። አሮጌ እቃ ስትገዙም ምን እንደሆነ የማይታወቅ መዳብ መሰል ጠንካራ ብረት ካጋጠማችሁ እለፉት።

ከሰማይ የወደቀ ብረት (ሜትዮራይት) የጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች አላችሁ። ቱታንካሙን መቃብር የተገኘው ጩቤ ከሱ እንደተሰራ በ2016 በኤክስሬይ መርምረው አረጋግጠዋል፣ 11 ፐርሰንት አካባቢ ኒኬል አለው። ግን ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል፣ ብቻውን ስለት አይሆንም። ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ ሳታግሉት በስሱ ቆርጣችሁ እጀታው ላይ ማስገባት፣ ያ መስመር መስመር የሆነው የተፈጥሮ ጥለቱ እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው በእሳት ቀጥቅጣችሁ ከብረት ጋር ማጣበቅ፣ ያኔ የተፈጥሮ ጥለቱ ይጠፋል፣ ኒኬሉ ግን አሲድ ስለማይበላው ብርማ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ መሃል ላይ የምትከቱት ካርቦን ያለው ብረት ስለት ይሆንላችኋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ያን ያህል ዘመን የቆየ ጥለት በመዶሻ ማጥፋት ያሳዝነኛል።

እውነት ለመናገር ግን ለጀማሪ ከሁሉም የምመክረው 15ኤን20 የሚባለውን 2 ፐርሰንት ኒኬል ያለው ብረት 1084 ከሚባለው ካርቦን ያለው ብረት ጋር እየደራረቡ መቀጥቀጥ ነው። ሁለቱም በተቀራረበ ሙቀት ይጠነክራሉ፣ ፌሪክ ክሎራይድ (ብረት የሚበላ ኬሚካል) ውስጥ ሲገቡ አንዱ ይጠቁራል አንዱ ያበራል። መልክም ስለትም ከአንድ ቢላ ታገኛላችሁ።

አሁን ውጪ ስለምናሰራው ነገር። ለማስቆረጥ ውሃ (ወተርጄት)፣ ሌዘር ወይም ፕላዝማ አለ። ውሃው ይሻላል፣ ብረቱን አያግለውም። ሌዘር ንፁህ ይቆርጣል ግን ካርቦን ያለውን ብረት ጠርዙን ስለሚያጠነክረው በኋላ ትራፓኖ ወይም ሞረድ አልነካው ሲል ትቸገራላችሁ። ፕላዝማ ከሆነ ዳር ዳሩን ሁለት ሚሊ አስተርፉና በግራይንደር አውጡት።

ስቴንለስ ማጠንከር ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ አትድከሙ፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈልገው፣ ሙቀቱም መቆጣጠር አለበት፣ አየርም ባይነካው ነው ጥሩ፣ ቫክዩም እቶን ላለው ስጡ። ስትሰጡ ግን የብረቱን ስም ንገሩ፣ የምትፈልጉትን የሮክዌል ቁጥር ጻፉ፣ ሲመልሱ የለኩትን ቁጥር ጠይቁ። እኔ አንድ ቦታ ሶስት የ440ሲ ቢላ ያለ ምንም ጽሁፍ ሰጥቼ ሁለቱ ተጣመው አንዱ ስለቱ እንደ ሰም ሆኖ መጣልኝ፣ የምከራከርበት ወረቀት እንኳን አልነበረኝም።

ለማጠንከሪያ የቱ ዘይት ለምትሉ፦ ለባሌስትራና ለ1084 የካኖላ ዘይት 50 ዲግሪ ገደማ ሞቅ አድርጋችሁ በቂ ነው። ለ1095 (እሱም ካርቦን ያለው ብረት ነው) ግን ፓርክስ 50 የሚባለው የማጠንከሪያ ዘይት ይሻላል፣ 1095 በፍጥነት ካልቀዘቀዘ አይጠነክርም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተዉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ለቀበቶ ሴራሚኩን ግዙ፣ ታይታኒየምና ስቴላይት ላይ ተራው አልሙኒየም ኦክሳይድ ደቂቃ ሳይሞላው ያልቃል፣ ግራይንደሩንም ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ።

ጭማሪ፦ የባቡር ሐዲድ ምስማር ይሆናል ወይ ላላችሁኝ፣ ጭንቅላቱ ላይ ኤችሲ የሚል ያለበት እንኳ ካርቦኑ 0.3 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ለጌጥ ያምራል፣ ለመቁረጥ አይሆንም። የኩሽኔታ ብረት ግን አዎ! 1 ፐርሰንት ካርቦን አለው፣ ቀለበቱን ከፍታችሁ አቃኑት፣ ሲቀጠቀጥ እልኸኛ ነው፣ በደንብ ሳይግል አትምቱት ይሰነጠቃል።