ምስጢሩን ሽማግሌው ባይነግራቸውስ?

የምሽት ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት የደከምኩበት የልቦለድ ረቂቅ አለኝ። ገጸ ባሕርያቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ እሷ ነርስ፣ እሱ የሒሳብ መምህር። የቅድመ አያታቸውን ምስጢር ያሳድዳሉ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1911 ያኔ በሩሲያ ሥር ከነበረችው ከኦዴሳ ተነስቶ፣ በጀርመኗ ወደብ በሃምቡርግ በኩል ኒው ዮርክ የገባ ነው። ቤተሰቡ «ሲገባ ወንደላጤ ነበር» እያለ ነው ያሳደጋቸው።

የቸገረኝ ምዕራፍ 14 ነው። አንድ ሽማግሌ ቁጭ አድርጎ ሁሉንም ነገር ይዘረግፍላቸዋል። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «እነዚህ ልጆች እኮ አላገኙትም፤ ተነገራቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጆቹ ፖሊስ አይደሉም። ቤት መፈተሽ፣ ሰው አስገድዶ መጠየቅ አይችሉም። ታዲያ በምን ይወቁት?

ማኅደር፦
እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ወረቀቱ ይናገር። የድሮ የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ሳገላብጥ ስንት ሌሊት አንግቻለሁ። ከ1907 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባ ስደተኛ፣ በመጣበት አገር የቀረ የቅርብ ዘመዱን ስምና አድራሻ ማስመዝገብ ነበረበት። ቅድመ አያትየው እዚያ አምድ ላይ «ሚስት» ብሎ፣ ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ስም ቢያስመዘግብስ? አንድ መስመር ናት። ከሽማግሌው አሥር ገጽ ትበልጣለች።

አደራ ግን፣ «ኤሊስ ደሴት ላይ (ኒው ዮርክ የነበረው የስደተኞች መቀበያ) ጸሐፊው ስሙን ለወጠበት» የሚለውን እንዳታስገቢ። ብዙ ቤተሰብ ያወራዋል፤ ግን እንደዚያ አልነበረም። ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩት ከመርከቡ ጋር በመጣው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ደግሞ የሚሞላው በመነሻው ወደብ ነው። ስለዚህ ሰውየው በኋላ በሌላ ስም ከኖረ፣ ጸሐፊውን አታሳብቢ። ራሱ ለወጠው በይ። ለምን እንደለወጠው ልጆቹ ይፈልጉ።

ነጠላ ሰረዝ፦
ኦዴሳ ካልሽ አይቀር የቀን አቆጣጠሩን ተጠቀሚበት። ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ የምትቆጥረው በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ነበር፤ ጀርመን ግን በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር። በ1911 የሩሲያው 13 ቀን ወደ ኋላ ነበር። እንዲህ አስቢው። ባል ከሃምቡርግ ለሚስቱ ሜይ 20 ብሎ ይጽፋል። ከፖስታው ጀርባ ያለው የኦዴሳ ማህተም ግን ሜይ 12 ይላል። ከመጻፉ በፊት የደረሰ ደብዳቤ! ነርሷ «ሐሰተኛ ነው» ብላ ወደ ጎን ትተወዋለች። ሒሳብ መምህሩ ግን አልዋጥ ይለዋል። 12 ላይ 13 ሲደምር 25። መንገድ ላይ አምስት ቀን። ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ሚስትም ነበረች ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገራቸውም።

የላይብረሪዋ ልጅ፦
እኔ ከራሴ ቤት ልንገርሽ። እናቴ ዲኤንኤ ስትመረመር፣ 25 ከመቶ አካባቢ የምትጋራት፣ የማናውቃት ሴት ውጤቱ ላይ መጣች። በዚህ መጠን ግማሽ እህትም፣ አክስትም፣ የእህት ልጅም ልትሆን ትችላለች። ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ዕድሜዋን ስንጠይቅ ከእናቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ሌሎች ዘመዶችን አስመርምረን ነገሩ የጠራው ከወራት በኋላ ነው። የወንድ አያቴ ልጅ ናት።

እናቴ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው። ስለ እህቷ ምንም አልጠየቀችም። ወር ሙሉ ማንም ነገሩን ደግሞ አላነሳውም።

እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ምስጢር ልቦለዶችን ሳነብ ብዙ ጊዜ የሚጎድለኝ ይህ ነው። መርማሪ ፖሊስ ፋይሉን ዘግቶ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ያንቺ ልጆች ግን በማግስቱ አያታቸው ሲደውሉ ስልኩን ማንሳት አለባቸው። ምን ብለው ያነሱታል? እዚያ ላይ ቆዪ። እባክሽ አትሩጪ።

የምሽት ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጣችሁ። የላይብረሪዋ ልጅ፣ የእናትሽን ጥያቄ ሦስቴ አነበብኩት።

ሽማግሌውን አላወጣውም። የሰውየው የልጅ ልጅ ነው፤ ይኖራል። ግን አፉን ዘጋሁት። ልጆቹ የተሳፋሪ ዝርዝሩን አትመው ፊቱ ሲዘረጉለት መነጽሩን ያደርጋል። እስከዚያች መስመር በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ከዚያ ጣቱን የሴትየዋ ስም ላይ ያሳርፍና ይሸፍነዋል። አያነሳውም። ዛሬ ማታ ምዕራፍ 14ን ከዚያ ጣት እጀምራለሁ።