ስልኩ «ገብቻለሁ» ይላል፣ ድምፅ ግን የለም፤ የመልቲካስት ሴሽን ሁኔታን እንዴት ነው የምትይዙት?

ባለሎጓ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንዴ ላስቸግራችሁ።

የምሠራው በ5ጂ ስልክ ላይ የሚሄድ የቡድን ሬድዮ ነው። የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ቁልፍ ተጭነው የሚያወሩበት ዓይነት። ድምፁ በመልቲካስት ይወርዳል፤ ጣቢያው ለእያንዳንዱ ስልክ ለየብቻ አይልክም፣ አንዴ ይልካል፣ ቡድኑ በሙሉ ይሰማል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ራስ ምታቴ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ናት። ስልኩ ሴሽኑን፣ ማለትም የቡድኑን ስርጭት፣ ሲቀላቀል ትበራለች፣ ከዚያ የሚያጠፋት የለም። ሎጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ስልኩ ተቀላቀለ። ድምፅ መጣ። ቡድኑ ዝም አለ። ኔትወርኩ የሬድዮ ግንኙነቱን ለቀቀው፣ ስልኩም አይድል (ሥራ ፈት) ሆነ። ነጥቧ አረንጓዴ። ከዚያ ስልኩ ወደ 4ጂ ወርዶ ተመለሰ። ነጥቧ አሁንም ንቅንቅ የለም። ቡድኑ እንደገና ማውራት ሲጀምር ይሄ ስልክ ብቻ ጭጭ።

የሚናገር ሰው ስለሌለ ይሆናል፣ ሴሽኑ ራሱ ቆሞ ይሆናል፣ ወይ ስልኩ ተባሮ ይሆናል። ከአፑ በኩል ግን ሁሉም ያው ዝምታ ነው። እንዴት ትለዩታላችሁ? አንድ ባልደረባዬ «በየጥቂት ሰከንዱ ደግመሽ ተቀላቀይ» ይለኛል። እኔ አልተዋጠልኝም።

የሞደም ሰው

እውነትሽን ነው፣ አይዋጥም። በአንድ ሴል ውስጥ ያሉ ስልኮች በሙሉ እየተነሱ «ልቀላቀል» ቢሉ ኔትወርኩን በከንቱ ታጨናንቂዋለሽ። ባትሪውንም ትጨርሺዋለሽ።

ነጥቧን ሦስት የተለያየ ነገር እየጠየቅሻት ነው። አንደኛው አባልነት ነው። ይሄ በስልኩና በኤስኤምኤፍ፣ ማለትም ሴሽኖችን በሚያስተዳድረው የኔትወርኩ ክፍል፣ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ስልኩ የፒዲዩ ሴሽን (ዳታው የሚያልፍበት የስልኩ መስመር) ማሻሻያ ጥያቄ ሲልክ ውስጡ «ይሄን ሴሽን ልቀላቀል» ይላል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ስልኩ ራሱ ካልወጣ፣ ኔትወርኩ ካላስወጣው፣ ወይ የተንጠለጠለበት ፒዲዩ ሴሽን ካልፈረሰ አባልነቱ አለ።

ሁለተኛው ሴሽኑ ራሱ አክቲቭ ነው ወይስ ኢንአክቲቭ የሚለው ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዳታ ሲቋረጥ ኔትወርኩ ሴሽኑን ሊያሳርፈው ይችላል። «አሳርፌዋለሁ» የሚል የኤንኤኤስ መልእክት (ስልኩና የኔትወርኩ እምብርት የሚነጋገሩበት) ግን ለስልኩ አይልክም! ስልኩ የሚያየው የሬድዮ ግንኙነቱ መለቀቁን ብቻ ነው። ዳታው ሲመለስ ኔትወርኩ በፔጂንግ (ሥራ ፈት ስልኮችን በሚጠራበት መልእክት) ውስጥ የሴሽኑን መለያ፣ ማለትም ቲኤምጂአዩን፣ ያስገባል። ኪስ ውስጥ ስክሪኑ ጠፍቶ የተቀመጠው ስልክ ያን መለያ ሲያይ ከያዘው ዝርዝር ጋር ያስተያያል። ካገኘው ተነስቶ ይገናኛል፣ ድምፁም ይመጣል። ስለዚህ ስልኩ አይድል ሲሆን ያን ዝርዝር የሚያጸዳ ኮድ ካለሽ ዛሬውኑ አውጪው።

ሦስተኛው የሬድዮ ሁኔታ ነው። በሪሊዝ 17 (የ5ጂ መስፈርት እትም ነው) መልቲካስት የሚሰማው ስልኩ አርአርሲ ኮኔክትድ ላይ እያለ፣ ማለትም የሬድዮ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ፣ ብቻ ነው። በሪሊዝ 18 አርአርሲ ኢንአክቲቭ ላይ፣ ማለትም ግንኙነቱ ለጊዜው ታግዶ፣ ሆኖም መስማት ተፈቅዷል። ስለዚህ የሪሊዝ 17 ስልክ አይድል ሆኖ ምንም ባይሰማም አባል ነው። በዚህ ሰዓት ነጥቧ አረንጓዴ መሆኗ ልክ ነው።

የአንቺ ሎግ የሚበላሸው 4ጂው ጋ ነው። 4ጂ የ5ጂን መልቲካስት ሴሽን አያውቀውም። ስልኩ ወደዚያ ሲሻገር ፒዲዩ ሴሽኑ ቅርፁን ቀይሮ ሊሻገር ይችላል፣ የመልቲካስት አባልነቱ ግን አብሮ አይሄድም። ሲሻገር ራስሽ ሰርዢው። ሲመለስ እንደ አዲስ ተቀላቀይ።

ሰሚ ብቻ

ጥያቄሽ ስለ መልቲካስት ነው፣ ነገር ግን አንዳንዱ ብሮድካስትንም (በሴሉ ላለ ሁሉ የሚለቀቀውን ስርጭት) በዚሁ ኮድ ሊያስተዳድር ይሞክራል፣ እባካችሁ ተዉ። እዚያ መቀላቀል የሚባል ነገር የለም። ስልኩ አይድል ሆኖም ይሰማል፤ ኔትወርኩም ማን እየሰማ እንደሆነ አያውቅም። ሴሉ የሚያሰራጨው ሲብ 20 የሚባል መረጃ ኤምሲሲኤች የተባለው የመቆጣጠሪያ ቻናል የት እንዳለ ይነግርሻል፣ ኤምሲሲኤች ደግሞ በሴሉ ላይ የሚተላለፉትን ሴሽኖች ይዘረዝራል። ቲኤምጂአዩ እዚያ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ሴል ሲቀየር እንደገና ማንበብ ነው።

ባለሎጓ

@የሞደም ሰው፣ ተባረክ። የ4ጂው ነገር ሎጉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ስልኩ ተመልሶ ሲመጣ የመቀላቀያ ጥያቄ አልላከም። አሁን ነጥቧን ሦስት ቀለም ልስጣት ወይ?

የሞደም ሰው

በእኔ እምነት አያስፈልግም። እሳት ፊት የቆመ ሰው ስለ አርአርሲ ምን አገባው? ማወቅ የሚፈልገው «ሰው ቢናገር ይደርሰኛል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። አረንጓዴው አባልነትን ያሳይ። ሦስቱን ለየብቻ መያዝ ያለበት ከታች ያለው ኮድሽ ነው፣ ሎጉም ለየብቻ ይጻፋቸው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ስልኩ ሬጂስትሬሽን (የምዝገባ) ወይ ሰርቪስ ሪኩዌስት (የአገልግሎት ጥያቄ) ሲልክ የፒዲዩ ሴሽን ሁኔታ ከኔትወርኩ ጋር ይመሳከራል። ኔትወርኩ «ይሄ እኔ ጋ የለም» ካለ ፒዲዩ ሴሽኑ ስልኩ ላይም ይፈርሳል። በዚያ የተንጠለጠለ መልቲካስት በሙሉ አብሮ ይሂድ፣ ነጥቧም ትጥፋ።

ሌላው፣ ኔትወርኩ መቀላቀሉን ሲከለክል ምክንያቱን አንብቢ። ፈቃድ የለህም፣ ከአገልግሎቱ ክልል ውጭ ነህ፣ ሴሽኑ ገና አልጀመረም፣ እነዚህ አንድ አይደሉም። ለመጨረሻው የሚጀምርበትን ሰዓት ወይ የመጠበቂያ ታይመር ሊሰጥሽ ይችላል። ታይመሩ ሳያልቅ አትጠይቂ። ድምፁ እስከዚያ መድረስ ካለበት አፑ በዩኒካስት፣ ማለትም ለዚያ ስልክ ለብቻው፣ ያምጣው፤ ውድ ነው፣ ግን ይሠራል።