የላይትዲኤም መግቢያ ገጽ በ1ኛው ምናባዊ ተርሚናል ላይ እንዲከፈት ማድረግ አልቻልኩም

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚሠሩባቸውን 6 አሮጌ ኮምፒውተሮች አስተዳድራለሁ፤ በሁሉም ላይ ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እና የመግቢያውን ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ላይትዲኤም፣ ተጭነዋል። የመግቢያው ገጽ የሚከፈተው በ7ኛው ምናባዊ ተርሚናል (በቁልፎች ከሚቀያየሩት የሊኑክስ ገጾች አንዱ) ላይ ስለሆነ፣ አንድ ተማሪ ሳያስበው ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ1ን አንድ ላይ ሲጫን ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣበትና ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ያላስቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍ የጠፋበት ልጅ ስላለ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል።

ገጹን ወደ 1ኛው ለማዛወር በላይትዲኤም ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሚኒመም-ቪቲ=1» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያስገባሁት «ሲት» በሚለው ክፍል ሥር ስለነበር ምንም ለውጥ አላመጣም፤ መስመሩ መግባት ያለበት «ላይትዲኤም» በሚለው ክፍል ሥር መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ ግን አስተካከልኩት። አሁን ገጹ በ1ኛው ይከፈታል፤ ሆኖም የሥርዓቱን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ሲስተምዲ በዚያው ተርሚናል ላይ ጌቲ የተባለውን የጽሑፍ መግቢያ ስለሚያስነሳ ሁለቱ ይጋጫሉ። በአንዳንዶቹ ማሽኖች ገጹ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ በሌሎቹ ደግሞ የቁልፍ ሰሌዳው አይታዘዝም።

የ1ኛውን ተርሚናል ጌቲ በሲስተምሲቲኤል (ሲስተምዲ በሚታዘዝበት ትእዛዝ) ማሰናከል ብቻውን ይበቃል? ወይስ በሎጂንዲ (የተጠቃሚዎችን መግቢያ በሚያስተዳድረው የሲስተምዲ ክፍል) ማዋቀሪያ ውስጥ፣ የጽሑፍ መግቢያ በራሱ የሚነሳባቸውን ተርሚናሎች ብዛት የሚወስነውና በነባሪ 6 የሆነው «ኤንኦቶቪቲስ» ጭምር መቀየር አለበት? ግራፊኩ እምቢ ሲል የምገባው በጽሑፍ መግቢያው ስለሆነ፣ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ያሉት ተርሚናሎች እንዲቆዩልኝ እፈልጋለሁ። ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን ትእዛዝ አስቀድሜ መስጠት እንዳለብኝ ጭምር ብትገልጹልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።