ጃዋን ስለ መመለስ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ

ጸሐፊ፦ እሑድ ጣና ዳር ቡና ላይ የተነሣውን ጽፌዋለሁ። «ጃዋን በባሕር ዳር እንደገና እናስጀምር» ይላል። ለፕሮፖዛል በጣም ሰፊ ነው፤ በሉ አጥብቡልኝ። ጃዋ እ.ኤ.አ. በ1929 ፕራግ ላይ የተጀመረ የሞተር ሳይክል ስም ነው። ስሙም ከመሥራቹ ከያኔቼክና ከጀርመኑ ኩባንያ ከዋንደረር መጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። በ2018 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ክላሲክ ሌጀንድስ የሚባለው ድርጅት በስሙ አዲስ ሞተር ሳይክል አወጣ። መልኩ የድሮው፣ ሆዱ ሌላ፦ 293 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ስትሮክ።

መካኒኩ፦ ባለ አራት ስትሮክ ከሆነማ እኔ ጃዋ አልለውም። እኔ የማውቀው ጃዋ ባለ ሁለት ስትሮክ ነው፤ ቤንዚኑ ላይ ዘይት የምትቀላቅልለት፣ ጧት ጭሱን እየለቀቀ ሰፈር የሚቀሰቅስ ነው። ማስነሻውና ማርሹ አንድ ፔዳል ነው። ወደ ውስጥ ገፍተህ፣ ወደ ላይ አዙረህ ትረግጠዋለህ። ሲነሣ ወደ ፊት መልሰህ ማርሽ ትቀይርበታለህ። (ሌባ እንኳ ገፍቶ እንጂ አስነሥቶ አይወስደውም ነበር።) ጓሮዬ ሁለት አሉ። አንዱ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል።

የፖሊ (የፖሊቴክኒክ) ተማሪ፦ ጋሼ፣ ገብቶኛል። ግን ቤንዚኑስ? አንዱን እንኳ ኤሌክትሪክ እናድርገው። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ያጣል። የኤሌክትሪኩ አያጣም። ቤዛዊት ዳገት ላይ እንሞክረውና ይለይለት።

መካኒኩ፦ የካርቡሬተሩን ነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ ታጠብባለህ፣ ጭሱ ይስተካከላል። የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም፤ እሱስ እውነት ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ እኔን ያሳሰበኝ ስሙ ነው። የንግድ ምልክቱ ባለቤት አለው። አዲስ ነገር ሠርተን ታንከሩ ላይ «ጃዋ» ብንል ማን ይሰማናል? የእንግሊዙን ሞተር ሳይክል ሠሪ ትራያምፍን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1983 ሲከስር ጆን ብሉር ስሙን ገዛ። አዲሱን ሞተር ሳይክል ሠርቶ ለማሳየት ሰባት ዓመት ፈጀበት፤ ያውም ሀብታም ሰውዬ። እኛ የወር መዋጮ እንኳ በልመና ነው የምንሰበስበው።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ «እናስጀምር» ትውጣ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ቆመው የቀሩ አሮጌ ጃዋዎችን እንመዘግባለን። ሞተራቸው የሚድን እንደ ነበሩ ይጠገናሉ። ሞተሩ የማይድን አንድ ፍሬም ለኤሌክትሪክ ሙከራ ይሰጣል፤ በሱ ላይ የድሮው ስም አይለጠፍም።» የሚቃወም አለ?

ገንዘብ ያዧ፦ ምዝገባው በነፃ ይሁን እንጂ እኔ ተስማምቻለሁ።

መካኒኩ፦ የሚድነውንና የማይድነውን የሚለየው ማን ነው?

ጸሐፊ፦ እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን አለን?

መካኒኩ፦ እንግዲያው ለኤሌክትሪክ የሚሰጥ አንድም የለም።

የፖሊ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ያ ፒስተኑ የተጣበቀውስ?

መካኒኩ፦ ዘይት አፍስሼበት አሳድሬዋለሁ። ቅዳሜ ና፣ አብረን እንረግጠዋለን። እምቢ ካለ ያንተ ነው።