ታብ ቀይሬ ስመለስ አውቶ ሪፍሬሹ ቆሟል

ፋይል13፦
የጨረታ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ገጽ በየ2 ደቂቃው ሪፍሬሽ እንዲያደርግልኝ ክሮም ላይ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጭኛለሁ። ገጹ ፊት ለፊት ሲሆን ይሠራል፤ ሌላ ታብ ላይ ቆይቼ ስመለስ ግን ቆሞ ነው የማገኘው። ደግሞም በሥራ ሰዓት ብቻ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት እንዲሠራ ነው የምፈልገው። ላፕቶፑ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ኢንተርኔቱ የሞባይል ዳታ።

ኬብል፦
በ4 ጊጋ ራም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሜሞሪ ሴቨር ነው። ክሮም ሳይነካ የቆየን ታብ ከራም ያወርደዋል፤ ርዕሱ ከላይ ይታያል እንጂ ገጹ ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም። ሴቲንግስ ገብተህ ፐርፎርማንስ በለው፤ «ኦልዌይስ ኪፕ ዚዝ ሳይትስ አክቲቭ» የሚለው ላይ የገጹን አድራሻ ጨምር። ሜሞሪ ሴቨሩን ጨርሰህ አታጥፋው፣ ማሽኑ ይጎተትብሃል።

ኤክስቴንሽኑ ላይ ሰዓቱን 08:00 እና 17:00 ብለህ ሙላ። 02:00 ካልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የሚጀምርልህ። ላፕቶፑ ስሊፕ ከገባም ሪፍሬሽ የለም፣ ኤክስቴንሽን ከእንቅልፍ አይቀሰቅሰውም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ኬብል ያለው ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ዳታው ነው። በየ2 ደቂቃው ለ9 ሰዓት ማለት በቀን 270 ጊዜ ነው። ገጹ 3 ሜጋ ቢሆን 810 ሜጋ በላ ማለት ነው! የጨረታ ማስታወቂያ እንደ ኳስ ውጤት በየደቂቃው አይለወጥም፤ በየ15 ደቂቃው ብታደርገው 36 ጊዜ፣ 108 ሜጋ ይሆናል። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ኤፍ12 ተጫንና ኔትወርክ የሚለውን ክፈት፤ ከዚያ ገጹን ሪፍሬሽ አድርግና ከታች «ትራንስፈርድ» የሚለውን ቁጥር እይ። ኤክስቴንሽኑ ላይ ካሽ (ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠውን የገጹን ቅጂ) የሚያልፍ ምርጫ ካለ አጥፋው፤ አለዚያ ሎጎውንና ፎቶውን በየጊዜው እንደ አዲስ ያወርዳል።

ከ30 ሰከንድ በታች አትሞክር። ከክሮም 120 ወዲህ ለኤክስቴንሽን አላርም (ጊዜ መቁጠሪያ) የተፈቀደው ትንሹ ልዩነት 30 ሰከንድ ነው። ገጽ ውስጥ ባለ ስክሪፕት ጊዜ የሚቆጥሩትን ኤክስቴንሽኖችም ክሮም ታቡ ሲደበቅ ያዘገያቸዋል። ሰርቨሩም 429 (ጥያቄህ በዛ የሚል የስህተት ቁጥር) መልሶ ሊዘጋብህ ይችላል፣ ያኔ ክፍተቱን ማስፋት ነው እንጂ ደጋግሞ መሞከር ያባብሰዋል።

ፈቃዱን ደግሞ ለዚያ ገጽ ብቻ ስጠው። «ኦን ኦል ሳይትስ» ካልከው የባንክ ገጽህንም ማንበብ ይችላል።

ሰማያዊ_ስክሪን፦
ሪፍሬሽ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ኤክስቴንሽን ለምን? ቪቫልዲ የሚባለው ብሮውዘር ላይ ታቡን ቀኝ ክሊክ አድርገህ ፔሪዮዲክ ሪሎድ ማለት ነው። ፎርም የምትሞላበት ታብ ላይ ግን እንዳታበራው፣ የጻፍከውን ያጠፋዋል።

ፋይል13፦
አመሰግናለሁ፣ 15 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። ገጹ ሎግ ኢን የሚጠይቅ ቢሆንስ?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
እንደ ሰርቨሩ ነው። አንዳንዱ ሪፍሬሽ በተደረገ ቁጥር ጊዜውን ያራዝማል፤ አንዳንዱ ደግሞ የተወሰነለት ሰዓት ሲሞላ ያስወጣሃል። አደገኛው ሁለተኛው ነው፦ ኤክስቴንሽኑ የሎግ ኢን ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርግ ይውላል፣ አንተ ደህና የሚሠራ ይመስልሃል። ኤክስቴንሽኑ የመረጥከው ቃል ከገጹ ላይ ሲጠፋ የሚያስጠነቅቅ ምርጫ ካለው፣ ከገባህ በኋላ ብቻ የሚታይ ቃል ምረጥለት፤ ለምሳሌ «ሎግ አውት» የሚለውን።