ከደብረ ብርሃን ወደ ቱርክ፦ የእድር ገንዘብ እንዴት ይላካል?

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክንና ሶርያን በመታው፣ መጠኑ 7.8 በተመዘገበው ርዕደ መሬት ለተጎዱት ደብረ ብርሃን ያለው እድራችን 46,300 ብርና 36 የመንዝ ባና ሰብስቧል። ባናዎቹ አዲስ ናቸው። ያገለገለ ልብስ አልተቀበልንም፤ መለየቱና ማጠቡ እዚያ ላለው ሰው ሌላ ሸክም ነው።

አንዱ ባና 3 ኪሎ ነው። ስድስት ስድስቱን በማዳበሪያ ስናስር 18 ኪሎ ወጣ። የአየር ጭነት ወኪሉ ግን የሚያስከፍለው ጥቅሉ በሚይዘው ቦታ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። 80 በ60 በ50 የሆነው ጥቅል 40 ኪሎ ተቆጠረ። በገመድ ጠፍረን ቁመቱን ወደ 30 ብናወርደውም 24 ኪሎ ነው። ሱፍ በመሆኑ ደግሞ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ተጠየቅን። የጭነቱ ሂሳብ ከባናው ዋጋ በለጠ፤ ብርዱ ደግሞ ወረቀት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ባናውን እዚሁ ሸጠን በብሩ ላይ እንጨምራለን።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ባንክ ብሩን በእድር ስም ወደ ውጭ ምንዛሬ ለውጦ መላክ አይቻልም አለን። በጥቁር ገበያ መላክ ሕገወጥ ነው፤ ለአባላት የሚታይ ደረሰኝም የለውም።

ብሩን ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ብናስገባ፣ ለዚህ ርዕደ መሬት ተጎጂዎች ብቻ እንዲውል ከእድሩ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ምን ምን መስፈር አለበት?